ያቃናኋቸው ቀይ ድንጋዮች

ነገሩ የሆነው ካቻምና፣ የጥምቀት በዓል አልፎ የመንገድ ሥራው እንደገና በተጀመረበት ጠዋት ነው። እስከ ዛሬ ኖራ የተቀባ ድንጋይ ባየሁ ቁጥር መንገድ ቀይሬ ነው የማልፈው። ልጄ "እማዬ፣ ጻፊውና ይውጣልሽ" ስላለችኝ ነው የምጽፈው። እኔ ማውራት እንጂ መጻፍ አልችልበትም፤ እንደማወራው ጽፌዋለሁ፣ ታገሱኝ።

አስካለ እባላለሁ። ሀና ማርያም፣ ከቤተክርስቲያኑ ወረድ ብሎ ባለው ዋና መንገድ ዳር ነው የምኖረው። ከግቢዬ በር ጎን ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ ዳቦ፣ ሳሙና፣ ስኳር፣ ለስላሳ እሸጣለሁ። ዕድሜዬ ሃምሳን ተሻግሯል። አንድ ነገር ልደብቃችሁ አልፈልግም፤ ተናጋሪ ነኝ። ኧረ ተናጋሪ ሲያንሰኝ ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "አንቺ ስትቆጪ ሀይሌ ጋርመንት ድረስ ይሰማል" ይለኝ ነበር።

መንገዱ ሊሰፋ ነው ሲባል ከሰፈሩ ሰው ሁሉ በፊት እልል ያልኩት እኔ ነኝ። መንገድ ማስፋት ማለት ግን አስፋልት ማንጠፍ ብቻ አይደለም ለካ! መጀመሪያ መሬት ውስጥ ያለው ጉድ ሁሉ ይወጣል፣ ቦታ ይቀየርለታል፣ ተመልሶ ይቀበራል። የውሃው ቱቦ ይመጣል፣ የስልኩ ይመጣል፣ የመብራቱ ገመድ ይመጣል። በመጨረሻ ደግሞ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት የሚያህል የጎርፍ መውረጃ ቱቦ ይመጣል። አንዱ ቆፍሮ ደፍኖ ሲሄድ ሌላው መጥቶ እዚያው ይቆፍራል። በሬ ፊት ስንት ጊዜ እንደተቆፈረ መቁጠሩን ትቼዋለሁ።

እኔም ዝም አላልኩም። የውሃ ቱቦ በጥሰው ሰፈሩን ያስጠሙ ቀን ጮህኩ። ዳቦዬን አቧራ ያለበሱ ቀን ጮህኩ። መሸጋገሪያ ጣውላ ሳያደርጉ ጉድጓድ ከፍተውብኝ የሄዱ ቀንማ ከግቢዬ ሆኜ የጮህኩት ጩኸት ራሴንም አስደንግጦኛል። ሠራተኞቹ ስም አወጡልኝ፤ "ሳይረን" አሉኝ። ገና ከበሬ ብቅ ስል "ሳይረኗ ተነሳች!" እያሉ ይሳሳቃሉ። ፎርማኑ ቢራቱ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ መጀመሪያ ላይ እየመጣ በትዕግሥት ይሰማኝ ነበር። እየቆየ ሲሄድ እሱም "እሺ እትዬ አስካለ፣ እናየዋለን" ብሎኝ ሳይቆም ማለፍ ጀመረ።

ከሁሉም የምግባባው ከታደለ ጋር ነበር። ታደለ የቀን ሠራተኛ ነው። ስካቫተሩ ከቆፈረ በኋላ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባና በዲጂኖና በአካፋ ወለሉን ያስተካክላል። ጠዋት ጠዋት ከኔ ሁለት ዳቦ ይገዛል። ስቆጣ አይስቅብኝም፣ አይመልስልኝምም። ጨርሼ እስክተነፍስ ቆሞ ይጠብቅና "አለቀ እትዬ? በሉ ዳቦዬን ይስጡኝ" ይለኛል። ትንሿ ልጁ ትምህርት ቤት ውስጥ የአባትሽ ሥራ ምንድን ነው ስትባል "አባዬ መሬት ውስጥ ነው ያለው" ብላ አስተማሪዋን በድንጋጤ ልትገድላት እንደነበር ያጫወተኝ ቀን፣ ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ነው የሳቅነው።

አሁን ወደ ድንጋዮቹ ልምጣ።

ከጥምቀት ሁለት ወር ቀደም ብሎ የመብራት ገመድ የሚቀብሩት ሰዎች መጥተው ነበር። በኛ በኩል ያለፈው ትልቁ ገመድ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ከሱ ነው የሚያገኘው። ከበሬ ትንሽ ወረድ ብሎ አንድ ያረጀ የጽድ ዛፍ አለ። ገመዱ እዚያ ሲደርስ የዛፉን ሥር ለመሸሽ ወደ መንገዱ ገባ ይልና ዞሮ ይመለሳል። ቀብረው ሲጨርሱ ቦታው እንዲታወቅ የእንጨት ችካል ተከሉበት። ችካሉ ሁለት ቀን አላደረም፤ ሰው ለማገዶ ነቀለው። ደግመው ተከሉ፣ ደግሞ ሄደ። በመጨረሻ ብልሃት አመጡና ድንጋይ እየለቀሙ፣ ቀይ ቀለም እየቀቡ፣ በገመዱ ላይ ደረደሩት። ድንጋይ ማን ይሰርቃል ብለው ነው፤ እኔ ግን ይሄን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ከመካከላቸው አንዱ ልጅ ወደ በሬ መጥቶ ስለ ድንጋዮቹ ሊነግረኝ ሞክሮ ነበር። እኔ ግን በዚያን ሰዓት ጤና አዳሜን ስለነቀሉብኝ እየጮህኩ ነበር። አፉ ሲንቀሳቀስ አየሁ እንጂ ያለውን አልሰማሁም። ትንሽ ቆይቶ እጁን አወናጭፎ ሄደ።

በሰፈራችን የከተራ ለት መንገድ የማሳመር ነገር የኔ ነው። ማንም አልሾመኝም፤ እንዲያው ጩኸቴን ፈርተው ይታዘዙኛል። ወጣቶቹ ባንዲራ ይሰቅላሉ፣ ሴቶቹ ጠርገን ውሃ እናርከፈክፋለን፣ ከዚያ በመንገዱ ግራና ቀኝ ድንጋይ ደርድረን ኖራ እንቀባለን። በዚያ ዓመት ሠራተኞቹም ቅን ሆነው ቁፋሮውን ከበሬ ትንሽ ከፍ ብሎ አቁመው፣ ታቦቱ እንዲያልፍበት መንገዱን ደልድለውልን ነበር የሄዱት።

በኛ በኩል ድንጋይ መልቀም እንኳን አላስፈለገንም፤ ተደርድሮ ጠበቀን። ግን ቀዩ ድንጋይ ዛፉ ጋ ሲደርስ ወደ መንገዱ ሆዱን ይነፋል። አየሁትና ደሜ ፈላ።

"ታቦት በሚያልፍበት ይሄ ጠማማ ምንድን ነው!" አልኩ።

"እትዬ፣ የመንገድ ሠራተኞቹ ያስቀመጡት ነው እኮ" አለኝ አንዱ ወጣት።

"እነሱ ምን ቀጥ ያለ ነገር ያውቃሉ? ሲባጎ አምጡ!"

ሲባጎውን ከኔ በር እስከ ታችኛው ማዞሪያ አስወጠርኩ። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እያስነሳሁ በሲባጎው ልክ አስደረደርኩ። ዛፉ ጋ የነበሩት ሦስት እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ሄደው ግንዱ ሥር ገቡ። ቀዩን በኖራ ሸፈንነው። ኖራው ስላልበቃን ግን የላይኛውን ፊታቸውን ብቻ ነው የቀባነው፤ ጎናቸው እንደቀላ ቀረ። አንድ ድንጋይ ተረፈ። የውሃ በርሜሌን ክዳን ንፋስ እንዳይወስድብኝ ልጫንበት ብዬ፣ ከነጭቃው ወደ ግቢ አስገባሁት።

ታቦቱ ሲያልፍ ያየ ሁሉ "ዘንድሮስ እንዴት አምሮበታል!" አለ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ኮርቼ ነበር።

በዓሉ አለቀ። ሥራ የተጀመረ ዕለት ጠዋት ታደለ መጥቶ ሁለት ዳቦውን ገዛኝ፤ "እንኳን አደረሰዎት" ብሎኝ ወደ ሥራው ሄደ። እኔ ሱቁን ለልጄ ትቼ ውሃ ልቀዳ ወደ በርሜሉ ገባሁ። ድንጋዩን ሳነሳው ከእጄ አምልጦኝ ወደቀና ተገለበጠ። ሦስት ቀን ሙሉ ከክዳኑ የሚንጠባጠበው ውሃ ጭቃውን አጥቦታል። በቀዩ ላይ በጥቁር ቀለም የመብረቅ ምልክት ተስሏል። የመብራት ምሰሶ ላይ ከራስ ቅል ጋር የሚሳለውን ታውቁታላችሁ፣ እሱን።

ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ። የዚያ ልጅ አፍ ፊቴ ላይ መጣ። ያኔ ሲንቀሳቀስ ያየሁት አፍ ምን ይለኝ እንደነበር አሁን ገባኝ። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ሲባጎ ወጥሬ ያስነሳሁት የሞት ምልክት ነው!

ውጪ ስካቫተሩ እያጓራ ነው። ድምፁ ደግሞ የሚመጣው ከዛፉ በኩል ነው።

ድንጋዩን እንደያዝኩ ወጣሁ። አንድ እግሬ ጫማ የለውም፤ የት እንደወለቀ አላውቅም። ስደርስ ጉድጓዱ ዛፉ ትይዩ ሊደርስ የቀረው ክንድ አይሞላም። ታደለ እስከ ደረቱ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ከዚያ ከተበጠሰው ቱቦ የሚሾልከው ውሃ ቁርጭምጭሚቱን ሸፍኖታል፣ በእጁ ብረት ዲጂኖ ይዟል። እናቴ ድረሺ! ውሃ ውስጥ፣ ብረት ይዞ!

"አቁሙ! አቁም! ኧረ በማርያም አቁም!" ብዬ ጮህኩ።

ሠራተኞቹ ዞር ብለው አዩኝና ሳቁ።

"ሳይረኗ ተነሳች!" አለ አንዱ። "በዓሉ በእውነት አለቀ ማለት ነው።"

"ገመድ አለ! ከሥሩ ገመድ አለ!"

"ማዘር፣ ገመዱማ ያውና" አለኝ ሌላው እየሳቀ፣ ወደ ዛፉ ግንድ እየጠቆመ። "ቀዩ ድንጋይ አይታይዎትም? ሁለት እርምጃ ርቀን ነው የምንቆፍረው።"

የጠቆመው የኔን መስመር ነው። በሲባጎ ያቃናሁትን። ምን ልበለው? ስንት ወር ሙሉ በየቀኑ ጮኼባቸዋለሁ፤ ጩኸቴ ለነሱ የመኪና ጡሩምባ ሆኗል። ማን ይስማኝ!

ማሽኑን የሚነዳው ደግሞ አዲስ ልጅ ነው። የቀድሞው ለበዓል አገሩ ገብቶ አልተመለሰም። ሳሙኤል ይባላል፤ ያኔ ስሙን አላውቅም። መስታወቱን ዘግቶ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፍቷል። እጄን ባወናጭፍ አያየኝም፤ ዓይኑ ጉድጓዱ ላይ ነው። የማሽኑ ክንድ ተነሳ፣ አፈሩን ደፋ፣ ተመልሶ ሊወርድ ዞረ። ጥርሱን አየሁት።

ከዚያ በኋላ አላሰብኩም። በእጄ ያለውን ድንጋይ ወደ መስታወቱ ወረወርኩት። በሕይወቴ ድንጋይ ወርውሬ የመታሁት ያ ብቻ ነው። መስታወቱ ተሰነጣጠቀ። ማሽኑ ተንገጫግጮ ቆመ፣ ክንዱም ከጉድጓዱ በላይ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ሳሙኤል በሩን በርግዶ ዘለለ። "አበድሽ እንዴ ሴትዮ! ልትገድይኝ ነው?" እያለ መጣብኝ። ሌሎቹም ከበቡኝ። አንዱ ክንዴን ያዘኝ፣ አንዱ "ፖሊስ ይጠራ!" ይላል፣ አንዱ መስታወት ስንት ብር እንደሆነ ታውቂያለሽ ወይ ይለኛል።

እኔ ለመናገር አፌን ከፈትኩ። ድምፅ የለም።  ያቺ ሀይሌ ጋርመንት ድረስ ትሰማለች የተባለችው አስካለ፣ አንዲት ቃል አጣች። እጄን ብቻ ወደ ታደለ ዘርግቼ ቆምኩ። 

ታደለ ከጉድጓዱ ውስጥ ቀና ብሎ አየኝ። ለረጅም ጊዜ ያየኝ መሰለኝ።

"እስቲ ዝም በሉ" አላቸው። "እትዬ አስካለ ዝም ብለዋል እኮ።"

"ምን ይሁን ታዲያ? መስታወት ሰብረው ምን ሊሉ ነው?" አለ ሳሙኤል።

"ወንድሜ፣ አንተ አታውቃቸውም። እኚህ ሴትዮ ዝም ካሉ የሆነ ነገር አለ።"

ዲጂኖውን ቀስ አድርጎ ጉድጓዱ አፍ ላይ አስቀመጠ። በሁለት እጁ ተደግፎ ወጣ። "ራቁ፣ ሁላችሁም ራቁ" አለ። ሳሙኤል እየተራገመ ተመልሶ ማሽኑ ላይ ሊወጣ ሲል ታደለ መሰላሉ ፊት ቆመና "ቢራቱ ሳይመጣ አትነካትም" አለው። ታደለ እንደዚያ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ቢራቱ ከላይኛው ጫፍ ቱቦ ሲረከብ ነበር፤ ተጠርቶ እየሮጠ መጣ። መጀመሪያ የተሰበረውን መስታወት አየ፣ ቀጥሎ እኔን። ከዚያ ዓይኑ ዛፉ ላይ አረፈ። ወደ ግንዱ ሄዶ አንዱን ድንጋይ አነሳ፤ ከላይ ነጭ፣ ከጎኑ ቀይ። እንዳገላበጠው ቆመ።

"ይሄ መስመር እዚህ ጋ ይዞር ነበር" አለ። "ጠማማ ነበር። ማን ነው ያቃናው?"

መልስ ሳይጠብቅ ስልኩን አውጥቶ የመብራት ሰዎቹን ጠራ። ሰዉን ሁሉ ከዛፉ አራቀ፣ ማሽኑን አስጠፋ። ባለሙያዎቹ እስኪመጡና መስመሩን እስኪያጠፉ አንድ ሰዓት ጠበቅን። ያቺን አንድ ሰዓት አልረሳትም። ከተሳሳትኩ ያበደች ሴት ነኝ፤ ካልተሳሳትኩ ደግሞ ሰው ልገድል የነበርኩ ሴት ነኝ። የቱን እንደምመኝ አላውቅም ነበር።

ሁለት ሰዎች በእጅ አካፋ መቆፈር ጀመሩ፤ አንደኛው ያ ልጅ ነው፣ አፉ ሲንቀሳቀስ ያየሁት። አፈሩን ቀስ እያሉ ጠረጉ። መጀመሪያ የማስጠንቀቂያ ቢጫ ላስቲክ ወጣ። ቀጥሎ አሸዋ። ከአሸዋው ሥር ክንድ የሚያህል ጥቁር ገመድ ብቅ አለ። ልጁ የማሽኑ ጥርስ መጨረሻ ካረፈበት ቦታ እስከ ገመዱ ድረስ በእጁ ለካ። አንድ ስንዝር ነው። አንድ ስንዝር ብቻ! ልጁ ግንባሩን ጠረገ። ታደለ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ቢራቱ፣ ያ ረጋ ያለው ሰው፣ ሳሙኤል ላይ ገነፈለ።

"ዓይን የለህም? ሰው ልታስፈጅብኝ ነው? በል ዕቃህን ሰብስብ፣ ከኔ ሳይት ውጣ!"

"በስልክ ከቀዩ ድንጋይ ሁለት እርምጃ ብለህ ነገርከኝ፤ ድንጋዩን ተከተልኩ! እኔ ምን አጠፋሁ?" ልጁ ሊያለቅስ ደርሷል።

የሰፈሩ ሰው ተሰብስቧል። ሲባጎ የያዙልኝ፣ ኖራ የቀቡልኝ ሁሉ አሉ። አንድ በአንድ ወደኔ አዩና ዓይናቸውን መለሱ። ነገሩን ለኔ ተዉት። እውነቱን እነግራችኋለሁ፤ ልቤ "ዝም በይ አስካለ፣ ማንም አያውቅብሽም" አለኝ።  ግን ሳሙኤል ማዳመጫውን ከአንገቱ አውልቆ መሬት ላይ ሲጥል አየሁት።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ድምፄ በጣም ከማነሱ የተነሳ ቢራቱ "ምን አሉ እትዬ?" አለኝ።

"እኔ ነኝ ያቃናሁት። ለታቦቱ ብዬ ነው። ልጁ ምንም አላጠፋም።"

 ቢራቱ ሄልሜቱን አውልቆ ቱቦ ላይ ተቀመጠ፤ ራሱን ያዘ። ይጮህብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢጮህብኝ እንዴት ደስ ባለኝ! "እትዬ አስካለ" አለ በመጨረሻ፣ "እኛም የሰው ነፍስ ለሚነሳ ድንጋይ አደራ ሰጥተናል።" ሳሙኤልን ወደ ሥራው እንዲመለስ ነገረው። በማግስቱ በገመዱ መስመር ላይ የሲሚንቶ ምልክት አስቀበረ፤ የሚያስነሳው ካለ ይሞክር።

ያን ዕለት ማታ መሸት ሲል ታደለ ወደ ቤቱ ሲሄድ በሱቄ በኩል አለፈ። ቆመ። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም። "ይቅር በለኝ" ልለው ስል እንባዬ ቀደመኝ። እንደ ሕፃን ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። እሱ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ቆሞ ጠበቀኝ። አላባበለኝም፣ አልተቆጣኝምም። አፍንጫዬን በነጠላዬ ስጠርግ፦

"አለቀ እትዬ?" አለኝ። "በሉ ዳቦዬን ይስጡኝ። ለልጆቹ ነው፣ አራት ያድርጉት።"

አሁን መንገዱ አልቋል። ቱቦው ተቀብሯል፣ አስፋልቱ ተነጥፏል፣ ክረምት ሲመጣ ጎርፉ በሬን ሳይነካ በሥር ይወርዳል። ሰፈሩ "አስካለ ሰው አዳነች" ይላል። እንዲህ ሲሉኝ ወደ ሱቄ እገባለሁ። ጉድጓዱን ወደ ገመዱ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ እሱን ግን ማንም አያነሳም። ሌሊት ሌሊት ያቺ ስንዝር ትመጣብኛለች። ሰው ሲነግረኝ አፉን እያየሁ ዝም ብዬ ለመስማት እሞክራለሁ፤ ሁልጊዜ አይሳካልኝም።

ታደለ አሁን ሌላ ሳይት ነው የሚሠራው። ባለፈው የገና ሰሞን ትንሿን ልጁን ይዞልኝ መጣ፤ ያቺን "አባዬ መሬት ውስጥ ነው" ያለችውን። ከላይ እስከ ታች አየችኝና፦

"ሳይረኗ አንቺ ነሽ?" አለችኝ።

"አንቱ በይ" አላት አባቷ አፍሮ።

"አዎ፣ እኔ ነኝ" አልኳት።

"እስቲ ጩሂልኝ።"

ሁሉም ሳቀ። እኔም እየሳቅሁ አፌን ከፈትኩ፤ ግን ልጅቷ የአባቷን እጅ አጥብቃ ይዛ ሳያት ድምፄ እንደዚያ ቀን ጠፋ።  ታደለ ሳቁን አቆመ። ፊቱ ተለወጠ፣ ዓይኑ ወደ መሬት፣ ወደ እግሩ ሥር ሄደ።

"እትዬ?" አለ። "ምነው ዝም አሉ?"

"ምን ታፈጥብኛለህ!" ብዬ ጮህኩበት። "ልጅቷን አቁመህ ልታደክማት ነው? ወንበር አትሰጣትም!"

ያኔ ነው ትንፋሹ የተመለሰው።